ከጋጣው ግድግዳ የወጣ እጅ

ኦቦ ጉተማ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ነጭ እጅ ባየ ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። የሞተ ሰው አካል መስሎት ነበር። እጁ የልጅ እጅ ነው፤ ከአንጓው ላይ ተቆርጦ፣ መዳፉን ወደ ጣሪያው አዙሮ፣ አንድ ነገር ሊቀበል እንደተዘረጋ ቀርቷል። ጉተማ የስምንት ዓመት ልጁን ዱረቲን በጋቢው ከለላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ዶክተር፣ ይህን ለሕፃን ማሳየት ነውር አይደለም እንዴ?» አለ።

«ባርኔጣዎን ያድርጉ፣ ኦቦ ጉተማ፤ ማንም አልሞተም» አለች ዶክተር ናኦሚ ሳቋን እየዋጠች። «ፕላስቲክ ነው። የልጅዎ እጅ ነው።»

ናኦሚ የዚያው አገር፣ የሸነን ከተማ ልጅ ናት። የእጅ ቀዶ ሐኪም ሆና አዲስ አበባ ብትሠራም፣ በየወሩ ወደ አምቦ እየመጣች ከየወረዳው የሚመጡ ሕሙማንን ታያለች። ከአጠገቧ ኮምፒውተሩን ተደግፎ የቆመው ቀጭን ሰው ሚልኬሳ ይባላል፤ መሐንዲስ ነው፤ ነጩን እጅ የሠራው እሱ ነው።

ዱረቲ ከጋቢው ሥር ብቅ ብላ ነጩን እጅ አየችው። ከዚያም የራሷን ቀኝ እጅ አውጥታ ከጎኑ አኖረችው። በእሷ እጅ ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የሉም።

«የኔማ እንዲህ አይደለም» አለች።

«እንዲህ ነበረ» አለቻት ናኦሚ።

ጉተማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንዲህ እንደነበረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲህ እንዳይሆን ያደረገውም እሱ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በሐሮ ወንጪ፣ በወንጪ ሐይቅ፣ ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ የተቀመጠበትን ፈረስ ገመድ ይዞ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ሐይቁ ዳር መውረድ ከእርሻ ያልተናነሰ ሥራ ነው። ጉተማ ልጅ ሳለ አባቱ «ገመዱን እጅህ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው፤ ፈረስ ያመለጠው ሰው የመንደር መሳቂያ ነው» ብሎ አስተምሮታል። እሱም በተራው ለዱረቲ ይህንኑ አስተማረ፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው መቼም ያለውን ነው። ከስድስት ወር በፊት፣ የሰኔ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር፣ አንድ እንግዳ ዱረቲ በምትስበው፣ ዳማ በሚባለው ፈረስ ጀርባ ላይ ሆኖ ጃንጥላውን ጧ አድርጎ ከፈተ። ዳማ በረገገ። ገመዱ በእጇ ላይ እንደ ወጥመድ ሸመቀቀ። ልጅቷ የታዘዘችውን ፈጽማ ነበርና፣ ልቀቂው ቢሏትም መልቀቅ አልቻለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤት ሁሉ «የፈረሱ ጥፋት ነው» እያለ ሊያጽናናው ሲሞክር ጉተማ ዝም ይላል። ፈረሱ ምን አጠፋ? ያን ቃል የተናገረው ፈረሱ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ቃል፣ የፈቃድ ቃል፣ ሊጠየቅ ነው የመጣው።

«አውራ ጣት የእጅ ግማሽ ማለት ነው» አለች ናኦሚ። «ያለ እሱ መጨበጥ የለም፤ ማሰር የለም፤ እስክሪብቶ መያዝ የለም። በውጭ አገር ከሞተ ልጅ እጅ ተወስዶ ለሌላ ልጅ የተተከለበት ጊዜ አለ። ግን የሌላ ሰው አካል ባዕድ ስለሆነ፣ ሰውነቷ እንዳይገፋው ዕድሜ ልኳን ከባድ መድኃኒት መዋጥ ይኖርባታል። የራሷ አካል ከሆነ ግን ባዕድ አይደለም። ስለዚህ ከራሷ እንወስዳለን።»

«ከየት?»

ናኦሚ ሌላ ነጭ ነገር አነሣች። የእግር አጥንት ነው፤ እሱም ፕላስቲክ። ከአውራው የእግር ጣት ቀጥላ ያለችውን ጣት በጥፍሯ ነካች። «ከዚህች።»

ዱረቲ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። «እንግዲያ አውራ ጣቴ ካልሲ ካልሲ ሊሸት ነው?»

ሚልኬሳ ከት ብሎ ሳቀ። ጉተማ ግን አልሳቀም።

«ዶክተር፣ እኔ የፈረስ ሰው ነኝ። የፈረስ ነገሩ ሁሉ እግሩ ነው። ሰኮናው አንዴ ከተነካ በኋላ የቀረው ሥጋ ነው። እጇን አጥታለች፤ አሁን ደግሞ እግሯን እንድነካ ትፈልጋላችሁ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን።»

«እንዳይሆን ነው ይህን ሁሉ የሠራነው» አለች ናኦሚ፤ የእግሩንም አምሳያ አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «እርስዎ ሰኮና ሲመለከቱ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ በጣትዎ አይዳብሱም? ይህንንም ይዳብሱት።»

ጉተማ ዳበሰው። ተረከዙ እዚህ ነው፤ የአውራው ጣት ሥር እዚህ፤ የውጭው ጠርዝ እዚህ። ሁለተኛዋ ጣት ከእነዚህ ከሦስቱ በየትኛውም ላይ የለችም። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግሞም ሰውን መቁረጥ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብላ ቀጠለች። «ይህን ግን ሃያ ጊዜ ቆርጠን ሃያ ጊዜ ተሳስተናል። አጥንቱ የቱ ጋ እንደሚገጥም፣ የደም ሥሩ በየት እንደሚያልፍ፣ ጅማቱ ስንት እንደሚረዝም በዚህ ላይ ተለማመድን። የልጅቷ ቀን ሲደርስ እጃችን መንገዱን ያውቀዋል።»

«እንዴት አድርጋችሁ ነው ግን ያላያችሁትን እጅ የሠራችሁት?» አለ ጉተማ። ጥያቄው ከአንጀቱ ነበር። ወደ ነጩ እጅ ደጋግሞ ዐይኑን እየላከ፣ ገና ሊነካው አልደፈረም።

ሚልኬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ግራ እጇን እንደ ዳቦ በስሱ በስሱ እየቆረሰ ያየዋል። በጨረር ነው እንጂ በቢላ አይደለም፣ አይደንግጡ። እኔ ቁራሾቹን ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ እደራርባቸዋለሁ፤ ከፊትም ከኋላም ከጎንም የሚታይ ሙሉ እጅ ይሆናል። ከዚያ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ገለበጥኩት። ግራው ቀኝ ሆነ። ቅርጽ የሚያትም ማሽንም ቀልጦ በሚወርድ የፕላስቲክ ክር ንብርብር እያደረገ አሳደገው። አንድ ቀንና ግማሽ ፈጀበት።»

ጉተማ ይህን ሰምቶ እጁን ዘረጋ። ብዙ አገር ያየ ሰውም ቢሆን በዚያች ሰዓት ትንፋሹን ይውጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከወንጪ ሐይቅ ሌላ ተአምር የሚለው ነገር አልነበረውም። የጠፋች እጅ ተመልሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ከአደጋው በፊት በየማለዳው ዱረቲን ዳማ ላይ የሚያወጣት እንዲህ ነበር፦ የእሷ አውራ ጣት በእሱ አውራ ጣት ላይ ይቆለፋል፤ እሱ ይስባል፤ እሷ ትዘላለች። ሳያስበው ነጩን እጅ በዚያው አያያዝ ያዘው።

ፊቱ ተለዋወጠ።

እንደገና ያዘው። ዐይኑን ጨፍኖ ለሦስተኛ ጊዜ ያዘው።

«ይህ የእሷ አይደለም» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ሚልኬሳ። «ኦቦ ጉተማ፣ ይህ መሣሪያ እኮ የፀጉር ያህል እንኳ ስሕተት የለውም።»

«መሣሪያህ ማለዳ ማለዳ ኮርቻ ላይ አውጥቷት ያውቃል?»

«እሱስ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አውራ ጣቷ በኔ ላይ ሲቆለፍ ጫፉ እዚህ ጋ፣ እዚህ አንጓ ላይ ነው የሚያርፈው። የናንተው አይደርስም። ያጥራል።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቀስ ብሎ የዱረቲን ግራ እጅ አነሣ። «አራት ዓመቷ ሳለ ውርንጭላ ይህን አውራ ጣቷን ረግጧት ነበር። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረው፤ ዳነ። ግን ከዚያ ወዲህ ከቀኙ ጋር እኩል አላደገም።»

ናኦሚ ወንበሯን ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የግራውን አውራ ጣት ሥር አጉልታ፣ አዙራ፣ እንደገና አጉልታ ተመለከተች። «የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ያለጊዜው ተዘግቷል» አለች በመጨረሻ። «ማየት ነበረብኝ። ቀኙን ብቻ ሳስብ ግራውን ደኅና ነው ብዬ ተቀበልኩት። በዚህ ልክ ብንሠራ ኖሮ አዲሱ አውራ ጣት ከመሐል ጣቷ ጋር አይገናኝም ነበር። ለዐይን የምታምር፣ የማትጨብጥ እጅ እንሰጣት ነበር።» ወደ ጉተማ ዞረች። «ትክክለኛው ምን ያህል ነበር?»

ጉተማ በሁለት ጣቶቹ መሐል አሳያት፤ አሳይቶም አፈረ። መዳፉ የሚያውቀውን ምላሱም ጣቶቹም መናገር አልቻሉም። በስልኩ ያለው ፎቶግራፍ ተፈለገ፤ እሱም ልጅቷ እጇን ከኋላዋ ደብቃ የተነሣችው ነው።

«ጋጣው ግድግዳ ላይ አለ እኮ፣ አባ» አለች ዱረቲ።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

«ስንመርግ ጊዜ! ሁለቱንም እጆቼን ጭቃው ላይ ተጭኜ እማዬ የተቆጣችኝ ጊዜ!»

እውነት ነበር። ካቻምና ጋጣው በጭቃና በጭድ ሲመረግ ዱረቲ ሁለት መዳፎቿን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ተጭና ሮጣለች። ናኦሚና ሚልኬሳ ተያዩ። «ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጭቃ ላይ…» አለ ሚልኬሳ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያም ብድግ ብሎ፣ «ኦቦ ጉተማ፣ ግድግዳው ይምጣልኝ» አለ።

በማግስቱ ጉተማ መሮና መጋዝ ይዞ ጋጣው ግድግዳ ፊት ቆመ። ባለቤቱ ጉዴ እጆቿን አጣምራ ከኋላው ቆማለች።

«ሰው ለግድግዳ ሐኪም ያመጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ያንተው ደግሞ ግድግዳ ተሸክሞ ሐኪም ቤት መሄድ!»

«ጉዴ፣ ዝም በይኝ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ።»

«ቢሰበርስ?»

መጋዙን ጭቃው ላይ አሳረፈ። ከአደጋው ወዲህ ጉዴ ያንን ቦታ ማንም እንዲመርገው አልፈቀደችም። ጠዋት ለዳማ ሣር ስታቀርብ መዳፏን በቀኙ አሻራ ውስጥ አኑራ ጥቂት እንደምትቆም ጉተማ ያውቃል፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል እንጂ። ከዚያች እጅ በዚህ ዓለም የቀረው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው። መጋዙ ጭዱን ሲበላ ግድግዳው እየተፈረፈረ ነበር፤ አንዴ ከላይ በኩል ስንጥቅ ወርዶ ከግራው አሻራ አንድ ጣት እስኪቀረው ድረስ ደረሰና ቆመ። ጉተማ ላቡን ጠረገ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንሽ ተነፈሰና እንደገና ያዘ።

ቁራጩ በደኅና ሲወጣ ጠቅልላ ያሰረችው ጉዴ ናት። መጀመሪያ በኮባ፣ ከዚያ በጋቢ፣ ከዚያ በእናትነቷ ሁሉ። «በል ሂድ» አለችው። «ባዶ እጅህን እንዳትመለስ።» የተናገረችው ምን እንደሆነ ዘግይቶ ገባትና ሁለቱም ሳቁ፤ ከስድስት ወር በኋላ አብረው ሲስቁ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከሐይቁ እስከ አፋፉ ቁራጩን ተሸክሞ ያወጣው ዳማ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉተማ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አኑሮ፣ በየጉድጓዱ ላይ ከመቀመጫው ብድግ እያለ ወደ አምቦ ተጓዘ። ከጎኑ የተቀመጡት እመት ወለተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት ጥቅሉን እያዩ ብዙ ከታገሡ በኋላ፣

«ልጄ፣ ድፎ ነው?» አሉት።

«አይደለም፣ እማማ። እጅ ነው።»

አሮጊቷ አማትበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ እስከ አምቦም ድምፃቸው አልተሰማም።

ሚልኬሳ ጭቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንዲት ብርሃን የምትረጭ ትንሽ መሣሪያ በዙሪያው አዞረ። ኮምፒውተሩ ላይ ግድግዳው ብቅ አለ፤ ጭዱ ሳይቀር፣ ስንጥቁ ሳይቀር። «አሁን ይመልከቱ» አለ፤ አንዲት ቁልፍም ነካ። ጉድጓዱ ወደ ውጭ ተገለበጠ። ባዶ የነበረው ሞላ። ከጭቃው ውስጥ አንድ ትንሽ መዳፍ፣ ከመዳፉም አምስት ጣቶች፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብለው ተነሡ።

ጉተማ ወንበሩን አላገኘውም፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል» ይላል ሚልኬሳ፤ ሩቅ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። «ልጅቷም ከዚያ ወዲህ አድጋለች። ግን የግራው አሻራ አለን፤ የግራው እጇም አለን። የግራው ምን ያህል እንደተለወጠ ካወቅን፣ ከጤነኞቹ ጣቶቿ ጋር አስተያይተን ቀኙ ዛሬ ምን ያህል ይሆን እንደነበር ማስላት ይቻላል።» አሰላ። አዲሱ አውራ ጣት ከፊተኛው በአንድ የገብስ ፍሬ ርዝመት በለጠ።

«አንድ ገብስ!» አለ ጉተማ።

«በመጨበጥና ባለመጨበጥ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው» አለች ናኦሚ። በሳምንቱ አዲስ አምሳያ ተሠራ። የእግሩን ጣት ከበፊቱ ጠለቅ ካለ ቦታ ለመቁረጥ አሰቡ፤ መጋዙ የት ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክት፣ አጥንቱ ላይ ልክክ የሚል ቀለበትም አተሙ። ናኦሚ አዲሱን ነጭ እጅ ለጉተማ ሰጠችው። እንደ ማለዳው ያዘው። የአውራ ጣቱ ጫፍ አንጓው ላይ አረፈ።

«እሷ ናት» አለ።

ወጣ ብሎ ተመለሰና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ስታድግስ? የስምንት ዓመት ጣት ይዛ ትዳር ልትይዝ ነው?»

«የእግሯ ጣት ከነማደጊያው ነው የሚሄደው» አለች ናኦሚ። «ከእሷ ጋር ያድጋል። የሃያ ዓመት ሴት ስትሆን የሃያ ዓመት ጣት ይሆናል።»

ጉተማ ባርኔጣውን አወለቀ። ይህን ጊዜ የሞተ ሰው አይቶ አልነበረም። «የምፈርምበትን ቅጽ አምጡት» አለ። መጻፍ ስለማይችል የቀለሙን ሳጥን አቀረቡለት፤ የገዛ አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ፣ ጥቂት ተመልክቶት፣ ወረቀቱ ላይ ረገጥ አድርጎ ተጫነ።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደረገ፤ ማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ቆየ። ናኦሚ ስትወጣ ጣቶቿ ከጓንት ብዛት እንደ ታጠበ ልብስ ተጨማድደው ነበር። ጉተማን ወደ አልጋው ወስዳ ከፋሻው ብቅ ያለችውን ጫፍ አሳየችው። በቀስታ ተጫነቻት፤ ነጣች። ለቀቀቻት፤ ቀላች። እንደገና ተጫነቻት፤ እንደገና ቀላች። ትናንት ከጫማ ውስጥ የነበረች ጣት ዛሬ ከእጅ ደም እየጠጣች ነው። ጉተማ ያን ነጥቶ መቅላት እያየ ቆመ፤ ነርሷ «በቃ፣ አባቴ» ብላ እስክታስወጣው ድረስ ዐይኑን አልነቀለም።

ጣቷ ለመታዘዝ ወራት ፈጀባት። በመጀመሪያ ስፖንጅ መጭመቅ፣ ከዚያ ባቄላ መልቀም፣ ከዚያ ቁልፍ መቆለፍ። ዱረቲ ስትሰለች «ይህ ጣት እግር ሆኖ የኖረ ስለሆነ መሄድ እንጂ መሥራት አያውቅም» እያለች ታኮርፍ ነበር። እግሯ ግን ከወር በኋላ ከመንደሩ ልጆች ጋር ይሮጥ ነበር።

በዓመቱ፣ ጉተማ ዳማን አፋፉ ላይ አቁሞ የገመዱን ጫፍ ለዱረቲ ዘረጋላት። እንግዳ አልተቀመጠበትም፤ ባዶ ኮርቻ ነው። ጉዴ ጥቂት ራቅ ብላ ቆማ ታያለች።

«እንዴት ነው የምትይዢው?»

«አልጠመጥምም።»

«እንዴት ነው የምትይዢው አልኩሽ?»

ዱረቲ ገመዱን በመዳፏ ላይ አጋደመችው፤ አዲሱ አውራ ጣቷ ከላይ መጥቶ ከመሐል ጣቷ ጫፍ ጋር ተገናኘ። ጉተማ ገመዱን ሳብ አደረገው። ያዘችው። ጠንከር አድርጎ ሳበው። ያዘችው! የተቆለፉትን ሁለት ጣቶች በዐይኑ እየመረመረ፣ የእግር ጣት የነበረችውን፣ በጭቃ ውስጥ ተደብቃ የቆየችውን፣ በአንድ ገብስ የረዘመችውን እያየ ገመዱን ለእሷ ተወላት።

በዚያች ቅጽበት ከሐይቁ የመጣ ነፋስ ባርኔጣውን ገፍፎ ከዳማ ዐይን ሥር ወረወረው። ዳማ በሁለት እግሩ ቆመ። ገመዱ ተወጠረ።

ጉዴ ጮኸች።

ዱረቲ ለቀቀችው። ገመዱ በመዳፏ ላይ ሾልኮ ሄደ፤ ፈረሱ በቁልቁለቱ ላይ እየጋለበ፣ ባዶ ኮርቻውን እያንቀጫቀጨ ወደ ሐይቁ ወረደ። ልጅቷ ምንም ያልሆነ እጇን ዘርግታ ቀረች፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል። «አባ፣ አመለጠኝ» አለች፣ ልታለቅስ እያለች። ከታች እርሻው ላይ ያሉ ሰዎች «ጉተማ! ፈረስህ!» እያሉ ይስቃሉ።

«አመለጠሽ!» አለ ጉተማ። «አመለጠሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! እሰይ፣ አመለጠሽ!» እጇን አንሥቶ መዳፏን ሳመው፤ አዲሷንም ጣት ሳማት። ከዚያም ባዶ ራሱን፣ እንደ ልጅ እየሳቀ፣ መንደሩ ሁሉ እያየው ፈረሱን ተከትሎ ቁልቁል ሮጠ።